በኢየሩሳሌም የሰማነው አሌፍ

ወደ ቅድስት ሀገር ኢየሩሳሌም ደርሶ የሚመለስ ክርስቲያን ስለ ጎልጎታ፥ ስለ ቤተ ልሔምና ስለ ዮርዳኖስ መናገሩ የተለመደ ነው። እኛም በዐቢይ ጾም ከባለቤታችን ጋራ እነዚህን ቅዱሳት መካናት ተሳልመን ተመልሰናል። ነገር ግን ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ብዙ ሰዎች አስቀድመው የጻፉትን ለመድገም አይደለም። ሳንፈልገው ያገኘነውን፥ ወደ ቤታችንም ይዘነው የመጣነውን አንድ ትምህርት ለማካፈል ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመሄዳችን በፊት በቤታችን የሆነውን አስቀድመን መናገር ይገባናል። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ አለችን። አባታችን እኛን እንዳስለመዱን፥ እኛም እርሷን በየማለዳው ከውዳሴ ማርያምና ከዳዊት ጥቂት ጥቂት በግዕዝ እንድታነብ አስለምደናት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ንባቧን አቋረጠችና በአንድ ቃል ላይ ጣቷን አድርጋ ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቀችን። እኛም የንባብ መምህራችን በልጅነታችን የነገሩንን ቃል አንሥተን፥ «አንቺ አንብቢ፤ ትርጓሜው በኋላ ይመጣል» አልናት። እርሷም በፍጹም የዋህነት፥ «አባባ፥ ለእርስዎስ መጣልዎት?» አለች።

በዚህ ተቈጣን። ድፍረት ነው አልን፤ እናቷም ዝም በይ አለቻት። ልጂቱ ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎት ሰዓት እንደ ወትሮው ከአጠገባችን ትቆማለች፤ መጽሐፉንም ትገልጣለች፤ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም። ወደ ኢየሩሳሌም የሄድነው ይህን በልባችን ይዘን ነው። በጎልጎታም ስለ እርሷ ሻማ አብርተናል።

በኢየሩሳሌም ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ፥ በምዕራብ በኩል፥ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የተባለች ቤተ ክርስቲያናችን አለች። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የተፈጸመች፥ በድንጋይ የታነጸች፥ ባለ ጉልላት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። በፊቷ የሚያልፈው ጠባብ መንገድ ቀድሞ የሐበሾች መንገድ ይባል ነበር፤ ዛሬም የኢትዮጵያ መንገድ ይባላል። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ስለ ሆነና ዛፎቹም ጥላ ስለሚሰጡ፥ በከተማ መካከል ሳለ ከከተማ የራቀ ይመስላል።

በዚሁ መንገድ፥ ከቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት ባለው ቤት፥ ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ የተባለ የታወቀ ሰው ኖሮ ነበር። ይህ ሰው በ1881 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ፥ በጸሎትና በመጽሐፍ ብቻ ተጠብቆ የኖረውን የዕብራይስጥ ቋንቋ እንደ ገና የቤትና የገበያ ቋንቋ ለማድረግ ዕድሜውን ሙሉ የደከመ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለተወለደለት የበኵር ልጁ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ ከለከለ። ከጎረቤቶቹ ብዙዎቹ ሃይማኖተኞች የጸሎትን ቋንቋ ለገበያ ማውረድ ነውር ነው ብለው ተቃወሙት። እርሱ በ1922 ዓ. ም. ሲሞት ግን ሕፃናት በመንገድ ላይ በዕብራይስጥ እየተጫወቱ ይጮኹ ነበር። መኖሪያውን የመረጠው ከግዕዝ ቅዳሴ ድምፅ አጠገብ መሆኑ ለእኛ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

አንድ ቀን ከማለዳው ጸሎት በኋላ፥ በገዳሙ ብዙ ዘመን ከኖሩ አንድ አባት ጋራ ከበሩ ወጥተን ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ሄድን ሜአ ሸዓሪም ወደሚባለው መንደር ደረስን። ይህ መንደር በ1874 ዓ. ም. የተቈረቈረ ሲሆን፥ ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ አስቀድመው ከተሠሩት የአይሁድ መንደሮች አንዱ ነው። ስሙም ይስሐቅ ዘርቶ መቶ እጥፍ ስለ ማግኘቱ በኦሪት ዘፍጥረት ከተነገረው ቃል የተወሰደ ነው። አባታችን ይህን ሲነግሩን «ሜአ የእኛው ምእት ነው» አሉን። በመንደሩ የሚኖሩት ሕጋቸውን እጅግ አጥብቀው የሚጠብቁ አይሁድ ናቸው። በመግቢያው ላይ፥ የሚያልፍ ሁሉ ሰውነቱን ሸፍኖ በጨዋነት እንዲያልፍ የሚያሳስብ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ባለቤታችን ነጠላዋን አጣፍታ ስለ ነበር ማንም ክፉ ዐይን አላየንም።

በአንድ ቀጭን መንገድ ስናልፍ ከተከፈተ መስኮት የሕፃናት ድምፅ ሰማን። ያን ጊዜ እግራችን ቆመ። መምህሩ አንድ ቃል ያወጣሉ፤ ሕፃናቱ በዜማ ይቀበላሉ፤ ደግሞ ያወጣሉ፤ ደግሞ ይቀበላሉ። ዐይናችንን ጨፍነን ብንሰማው፥ በተወለድንበት አጥቢያ ከዋርካው ሥር የነበረው የየኔታ ጉባኤ በሆነ ነበር። ቃሉን ለይተን ለመስማት ስንሞክር፥ ከታናናሾቹ ክፍል «አሌፍ፥ ቤት» የሚል ድምፅ መጣ። ይህን ቃል ቀድሞ የምናውቀው መሰለን፤ ግን ከወዴት እንደ ሆነ በዚያ ሰዓት አላስታወስነውም።

አባታችን ያጠኑትን ነገሩን። እንዲህ ያለውን የሕፃናት ትምህርት ቤት አይሁድ «ሔደር» ይሉታል፤ ክፍል ማለት ነው። ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጕሩን ይላጫል፤ ወደ መምህሩም ይወስዱታል። በብዙዎች ዘንድ በተጻፉት ፊደላት ላይ ማር ጠብ ተደርጎ ሕፃኑ እንዲልስ ይደረጋል፤ ይህም የሕግ ቃል በአፉ እንዲጣፍጠው ነው። ሀያ ሁለቱን ፊደላት ከለየ በኋላ፥ ከፊደላቱ በታችና በላይ የሚደረጉትን የነጥብ ምልክቶች ይማራል፤ የዕብራይስጥ ፊደል እንደ እኛ ግዕዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ እያለ ቅርፁን የማይለውጥ ስለ ሆነ አናባቢው በነጥብ ይታወቃል። ከዚያ የጸሎት መጽሐፉን ማንበብ፥ ቀጥሎም ኦሪትን መማር ነው።

ኦሪትንም ሲጀምሩ እንደ ጥንቱ ልማድ በዘፍጥረት ሳይሆን በኦሪት ዘሌዋውያን ነው። ምክንያቱን ሲናገሩ፥ መሥዋዕት ንጹሕ ነው፤ ሕፃናትም ንጹሓን ናቸው፤ ስለዚህ ንጹሓን በንጹሕ ነገር ይጀምሩ ይላሉ። የእኛ የንባብ ተማሪ ከፊደልና ከአቡጊዳ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ እንደሚጀምር እናስታውሳለን። ለሕፃናትም መምህር በየከተማው እንዲሾም ያዘዘው፥ ቤተ መቅደስ በ70 ዓ. ም. ከመፍረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረው ሊቀ ካህናት ኢያሱ ወልደ ጋማላ እንደ ሆነ በታልሙድ ተጽፏል። በዚያው መጽሐፍ ለአንድ መምህር የሚገቡት ሕፃናት ሀያ አምስት ናቸው፤ አርባ ቢሆኑ ረዳት ይጨመርለታል። የዛሬ ትምህርት ቤቶች ሊያስቡት የሚገባ ቍጥር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የመጨረሻው ነገር ነው። «ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ሁለት ቋንቋ ነው» አሉን አባታችን። በእውነትም መምህሩ አንዱን የኦሪት ቃል በዕብራይስጥ ካሉ በኋላ ወዲያው በሌላ ቋንቋ ይመልሱታል፤ ሕፃናቱም ሁለቱን በአንድ ዜማ ያያይዙታል። ሁለተኛው ቋንቋ ይዲሽ የሚባለው፥ አባቶቻቸው ከአውሮፓ ያመጡት፥ ከጀርመን ቋንቋ የተገኘውና በቤታቸው የሚነጋገሩበት ነው። ሕፃኑ ቃሉን በተማረበት ሰዓት ፍቺውንም ይማራል ማለት ነው። «ትርጓሜው በኋላ ይመጣል» ያልነው ቃል በዚያ መስኮት ሥር ትዝ አለን። ባለቤታችንም ወደ እኛ ተመለከተች፤ ነገር ግን አልተናገረችም።

በማግስቱ፥ በያፋ መንገድ አቅራቢያ የሀገራችን ሰዎች ጤፍ፥ በርበሬና ሽሮ ወደሚሸጡበት አንድ ሱቅ ገባን። በዚያ ነጭ ጋቢ የለበሱ፥ ጭራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘን። ሰላምታችንን ሲሰሙ፥ «ልጆቼ፥ ከወዴት መጣችሁ?» አሉን። ከጎንደር በኩል የመጡ የቤተ እስራኤል ሰው ናቸው። በግንቦት 1991 ዓ. ም. በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰዱ፥ እርሳቸውም ከነቤተ ሰባቸው ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። አባታቸው ቄስ ስለ ነበሩ ኦሪትንና ዳዊትን በግዕዝ ያውቃሉ። በመስኮቱ ሥር የሰማነውን ብንነግራቸው ፈገግ አሉና፥ «የልጄ ልጅ ዓርብ ጧት የጸሎት መጽሐፉን ይቀበላል። ኑና እዩ፤ ከዚያም ከቤቴ እንጀራ ትቀምሳላችሁ። ጾማችሁን አውቃለሁ፤ ሽሮ ይሠራላችኋል» አሉን።

ዓርብ ጧት ልጁ ወደሚማርበት ትምህርት ቤት ሄድን። ይህ ትምህርት ቤት እንደ ሜአ ሸዓሪሙ ሔደር ያለ አይደለም፤ የመንግሥቱ ትምህርትና የሃይማኖቱ ትምህርት በአንድነት የሚሰጥበት ነው። የሚነጋገሩበትም ዕብራይስጥ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በተርታ ቆመዋል፤ ወላጆች፥ አያቶችም ሞልተዋል። እያንዳንዱ ልጅ በስሙ ሲጠራ ወጥቶ «ሲዱር» የሚሉትን የጸሎት መጽሐፍ ይቀበላል፤ ተቀብሎም ይስመዋል። ሲዱር ማለት ሥርዐት ማለት እንደ ሆነ የሽማግሌው ልጅ፥ የሕፃኑ እናት፥ በአማርኛ አስረዳችን።

ከዚያ ልጆቹ በየማለዳው ከእንቅልፍ ሲነቁ ነፍሳቸውን ስለ መለሰላቸው እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑበትን አጭር ጸሎት በዜማ አሉ። ቀጥሎም በቀኝ እጃቸው ዐይናቸውን ሸፍነው፥ የእግዚአብሔርን አንድነት የሚመሰክረውን «ሽማዕ» የተባለውን ጸሎት አደረሱ። ይህ ከኦሪት ዘዳግም በ6ኛው ምዕራፍ የሚገኝ ሲሆን፥ አይሁድ ጧትና ማታ የሚደግሙት፥ በብራና ጽፈው በቤታቸው መቃን ላይ የሚያደርጉት ነው።

መምህርቱ ግን በዜማው ብቻ አላለፈችም። «ሽማዕ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ልጅ በጆሮ መስማት ነው አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ፥ እናት ስትጠራ ቶሎ እንደ መምጣት ያለ ነው አለች። መምህርቱም ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ነገረቻቸው። ደግሞ፥ «ዐይናችንን ስለ ምን እንሸፍናለን?» አለች። የሽማግሌው የልጅ ልጅ እጁን አውጥቶ፥ ሌላ ነገር እንዳናይና እንዳናስብ ነው ብሎ መለሰ። ሽማግሌው ዕብራይስጡ ጠልቆ አይገባቸውም፤ ልጃቸው በጆሯቸው ስትነግራቸው ግን ጭራቸውን አንሥተው፥ «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ።

እኛ በበኩላችን ሌላ ነገር ያስደንቀን ነበር። «ሽማዕ» የግዕዙ «ስማዕ» ነው። «ኤሓድ» ያሉት «አሐዱ» ነው። «ባሩኽ» ቡሩክ፥ «ቃዶሽ» ቅዱስ፥ «ሌቭ» ልብ፥ «ሼም» ስም፥ «ሻሎም» ሰላም ነው። አሜን ደግሞ ያው አሜን ነው። ግዕዝና ዕብራይስጥ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን በመጽሐፍ አንብበን እናውቅ ነበር፤ በሰባት ዓመት ሕፃን አፍ ስንሰማው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሥርዐቱ ካለቀ በኋላ፥ እነዚህ ልጆች ዕብራይስጥ ከእናታቸው ጋራ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ከሆነ ፍቺ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው መምህርቱን በአስተርጓሚ ጠየቅናት። መልሷም መልካም ነበር። የጸሎቱ ዕብራይስጥ የጥንት ነው፤ ልጁ ቃሉን የሚያውቀው እየመሰለው ይሳሳታል አለች። ለምሳሌ ነቢዩ ሕዝቅኤል ባየው ራእይ «ሐሽማል» የሚለው ቃል በእሳት መካከል የሚያበራውን ነገር የሚያመለክት ሲሆን፥ በዛሬው ዕብራይስጥ ግን የኤሌክትሪክ ኀይል ማለት ሆኗል። ሳይነገረው ያነበበ ልጅ ነቢዩ መብራት ኀይል ያየ ይመስለዋል አለችና ሣቀች። እኛም ወዲያው «ሀገር» የሚለው ቃል ታወሰን። በአማርኛ ሀገር ስንል መላውን አገር ማለታችን ነው፤ በግዕዝ ግን ከተማ ማለት ነው። ይህን ያልተማረ አማርኛ ተናጋሪ ግዕዙን ሲያነብ ያወቀ እየመሰለው ስንት ቦታ ይሳሳት ይሆን?

መምህርቱ ሁለት ነገር ጨመረችልን። የመጀመሪያው፥ በጥንቱ ሕጋቸው በሚሽና፥ ሽማዕንና ቆመው የሚያደርሱትን ዋናውን ጸሎት ሰው በሚሰማው በማንኛውም ቋንቋ ሊጸልየው እንደሚችል መጻፉ ነው። ሁለተኛውም፥ በ16ኛው መቶ ዓመት ራቢ ዮሴፍ ካሮ ባዘጋጀው የሕግ መጽሐፍ፥ የሽማዕን የመጀመሪያ ቍጥር ልቡን ሳያሳርፍ ያለ ሰው እንዳልጸለየ እንደሚቈጠር መደንገጉ ነው። ይህን የልብ ማሳረፍ «ካቫና» ይሉታል። ሆኖም ሕጉ በማንኛውም ቋንቋ ቢፈቅድም፥ የአባቶችን ቋንቋ አልተዉትም። ቋንቋውን ጠብቀው ፍቺውን ለልጆቻቸው ይነግራሉ እንጂ አንዱን መርጠው ሌላውን አይጥሉም።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠብቀው ሽሮውን አቀረቡልን። በምድጃው ላይ የሰንበታቸው ወጥ ይሠራል፤ በጠረጴዛውም ላይ ፀሐይ ሳይገባ የሚበሩት ሁለት ሻማዎች ተዘጋጅተዋል። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው በግዕዝ ባረኩ። የልጅ ልጃቸው በአድናቆት ይመለከታቸዋል፤ ቃሉን ግን አያውቀውም። «ይኸውላችሁ ልጆቼ» አሉን፤ «እርሱ የሚጸልየውን እኔ በደንብ አልሰማውም፤ እኔ የምጸልየውን እርሱ አይሰማውም። በስግድ በዓል ቄሶቻችን ኦሪቱን በግዕዝ ካነበቡ በኋላ በአማርኛ ይተረጉማሉ፤ አሁን ደግሞ አማርኛውን ለልጆቹ በዕብራይስጥ የሚተረጉም ያስፈልጋል። የአባቴ ግዕዝ ከእኔ ጋራ እንዳይቀበር እፈራለሁ» አሉ። ስግድ በእስራኤል ሀገር በ2008 ዓ. ም. በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል፤ ነገር ግን በዓሉ በሕግ መታወቁና ቋንቋው በልጆች አፍ መኖሩ አንድ ነገር አይደለም።

ለማጽናናት ብለን ዳዊታችንን ከቦርሳችን አወጣን። በዓርብ ቀን የሚደርሰው ከመቶ ዐሥራ አንድ እስከ መቶ ሠላሳ ያለው መዝሙር ስለ ሆነና ጧት ስላልፈጸምነው፥ ከሽማግሌው ጋራ እያነሣን እየተቀበልን ማንበብ ጀመርን። የእርሳቸውና የእኛ ቃል አንድ ነው። መቶ ዐሥራ ስምንተኛው ላይ ስንደርስ፥ እንደ ልማዳችን በራሱ ላይ የተጻፈውን «አሌፍ» ብለን ጀመርን። በዚህ ጊዜ የሕፃኑ ታላቅ እኅት፥ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፥ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «አሌፍ?» አለች፤ ቀጥሎም በዕብራይስጥ ብዙ ተናገረች። እናቷም እየሣቀች፥ «አሌፍ የፊደላችን መጀመሪያ ነው፤ በእናንተ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል ነው የምትለው» አለችን።

ሽማግሌውና እኛ ተያየን። «እኔ የሰው ስም ይመስለኝ ነበር» አሉ። እውነቱን ለመናገር ለእኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። በልጅነታችን የኔታ «አሌፍ» ብለው ሲያስነብቡን መዝሙሩን ለዳዊት ያቀበለ አንድ ጻድቅ ነው ብለን ነበር፤ ካደግን በኋላም ጠይቀን አናውቅም። አርባ ዓመት ያህል በየሳምንቱ ዓርብ አንብበነዋል።

ልጂቱ የራሷን የዕብራይስጥ መዝሙር አመጣች። መቶ ዐሥራ ስምንተኛውን ብትፈልግ አጣችው፤ ቀጥሎ ባለው አገኘችው። በእኛ ዘጠነኛውና በእነርሱ ዘጠነኛውና ዐሥረኛው አንድ ሆነው ስለሚቈጠሩ የእኛ ቍጥር በአንድ ያንሳል። ከዚያ ጣቷን በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ እያሳረፈች ቈጠረች። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቍጥሮች ሁሉም በአሌፍ ፊደል ይጀምራሉ። ቀጥለው ያሉት ስምንቱ በቤት፥ ከዚያም ስምንቱ በጋሜል፥ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ፊደል እስከ ታው ድረስ ይሄዳል። ሀያ ሁለት ፊደል በስምንት ሲባዛ መቶ ሰባ ስድስት ነው፤ የመዝሙሩም ቍጥር ይኸው ነው። የእግዚአብሔርን ሕግ የሚወድ ሰው፥ ሰው ሊናገርበት በሚችለው ፊደል ሁሉ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ሕጉን ማመስገኑ ነው። መዝሙሩ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ይህ አሰካክ ሊተላለፍ አልቻለም፤ ሆኖም አባቶቻችን የፊደላቱን ስም ሳይጥሉ በየክፍሉ ራስ ላይ አቈይተውልናል። አቈይተውልን ሳለ አልጠየቅናቸውም።

በሜአ ሸዓሪም መስኮት ሥር የሰማነው ቃል ከወዴት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተረዳን። ሕፃኑም ፊደላቱን በግዕዝ ስም እንድንነግረው ጠየቀን። አልፍ፥ ቤት፥ ገምል፥ ድንት እያልን ስንነግረው እጁን እያጨበጨበ ተቀበለን። ሽማግሌው ልጁን በጕልበታቸው ላይ አስቀምጠው «ከዛሬ ጀምሮ በየሰንበቱ አንድ ቃል ትሰጠኛለህ፤ እኔም አንድ ቃል እሰጥሃለሁ» አሉት። ፀሐይ ሳትገባ ተሰናብተን ወጣን።

ወደ ቤታችን በተመለስን በሦስተኛው ቀን፥ በማለዳው ጸሎት ልጃችን እንደ ወትሮው ዝም ብላ ከአጠገባችን ቆመች። መጽሐፉን ከመግለጣችን በፊት፥ «ልጄ፥ ያን ቀን የጠየቅሽን መልስ ይህ ነው፤ አልመጣልንም ነበር። ስለ ተቈጣንሽም ይቅር በይን» አልናት። ይህን ለልጅ መናገር ለእኛ ለአባቶች ቀላል አይደለም። እርሷም ወዲያው አልመለሰችም። ስለ አሌፍ የሆነውን ሁሉ ነገርናትና መዝሙሩን ገልጠን ሰጠናት። ቍጭ ብላ ራሶቹን አንድ በአንድ ትፈልግ ጀመር፤ ጥቂት ቈይታም፥ «ሳምኬት ምን ማለት ነው?» አለችን። አላወቅነውም። ያን ጊዜ «አንቺ አንብቢ» አላልንም፤ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አጥቢያችን የመጻሕፍት መምህር ይዘናት ሄድን።

መምህሩም በደስታ ተቀበሉን። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ለእርሷና ለእኛ ከአንድ መዝሙር ጥቂት ቃል በግዕዝ ያነባሉ፤ በአማርኛ ይፈታሉ፤ «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን ያመጣሉ። ልጂቱ በየማለዳው ድምፅዋን አሰምታ ታነባለች ብለን አንዋሽም። አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች። የተፈታላትን ቃል ግን በዝምታ አታልፈውም፤ ስንሳሳትም ታርመናለች።

ክቡራን ወላጆች፤ ይህን የምንጽፈው የአባቶቻችንን ሥርዐት ለመንቀፍ አይደለም። ቍጥሩ፥ ውርድ ንባቡ፥ ቁም ንባቡ የሕፃኑን ምላስና የማስታወስ ኀይል እንዴት እንደሚያጸና በራሳችን አይተነዋል። ከሌላ ሕዝብም የምንበደረው አዲስ ነገር የለም፤ የግዕዙን ቃል አስቀድሞ አማርኛውን ማስከተል ራሱ የአንድምታ ሊቃውንታችን ሥራ ነው። ጉድለቱ የእኛ የወላጆች ነው። ትርጓሜው በጉባኤ ቤት ተዘርግቶ ሳለ፥ ልጆቻችን ወደዚያ እስኪደርሱ ድረስ ቃሉን ብቻ ይዘው እንዲቆዩ አደረግናቸው፤ ብዙዎቹም ሳይደርሱ ቀሩ።

ስለዚህ ከተማርነው ጥቂት እንመክራለን። አንደኛ፥ ብዙ ከማስነበብ ጥቂት አስነብባችሁ ፍቺውን አብራችሁ ንገሩ፤ በቀን አንድ ቃል በዓመት ከሦስት መቶ በላይ ነው። ሁለተኛ፥ አማርኛው ይበቃል ብላችሁ ግዕዙን አትጣሉት፤ ቋንቋው ከልጆች አፍ ከወጣ በኋላ መመለሱ ምን ያህል እንደሚያደክም የጎንደሩ ሽማግሌ ምስክር ናቸው። ሦስተኛ፥ ልጅ ሲጠይቅ አትቈጡ፤ የማታውቁትን አናውቅም በሉ፤ እጁንም ይዛችሁ ወደ መምህር ሂዱ።

በዚህ ሳምንት ዓርብ በቤታችሁ ዳዊት ቢነበብ፥ መቶ ዐሥራ ስምንተኛው መዝሙር ላይ ስትደርሱ ጥቂት ቁሙ። በራሱ ላይ «አሌፍ» የሚል ታገኛላችሁ። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ምን እንደ ሆነ ንገሯቸው። ቃሉን ከማስተዋል ጋራ የሚሰጥ ልዑል እግዚአብሔር ለእናንተም፥ ለእኛም፥ ለልጆቻችንም ልቡናን ያድለን፤ አሜን።